የዘጠነኛው ፎቅ ቤቴና የሚያዜመው ግድግዳ

ለሰው አይነገርም እንጂ፣ ጫማዬን አድርጌ መተኛት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ዛሬ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት እንደሚከተለው ተናዝዣለሁ። የቀድሞ ኑዛዜ ቢኖር ይህ ሽሮታል።

ከተማው በሚኮራበት በዚህ የቅንጦት አፓርታማ ያለኝን የዘጠነኛ ፎቅ ቤት እዚሁ ፊቴ ለተቀመጠችው ለእህቴ ልጅ አውርሻለሁ። ግን አንድም ሌሊት እንዳታድሪበት፣ ልጄ። በመጽሔት ዓምዴ ሠላሳ ዓመት ያስወራሁለት፣ ሙሽሮች ጆሯቸውን ለጥፈው ፎቶ የሚነሡበት «የሚያዜም ግድግዳ» አያዜምም። የሕንፃው የመጀመሪያ ባለቤት ረጅም መኪናው ቤዝመንት ውስጥ አልዞር ቢለው፣ አንዱን ምሰሶ እስከ ግማሽ አስጠረበው። የጠረበው ግንበኛ ይኸው ምስክሬ ሆኖ ተቀምጧል። ሕንፃው ማቃሰት ሲጀምር ባለቤቱ «ሰው እንዳይሸሽብኝ አንድ ደስ የሚል ነገር ጻፊበት» አለኝ። ጻፍኩ፤ ቤቱን ሰጠኝ። በደመወዜ ገዛሁት ያልኳችሁ ውሸት ነው።

ማቃሰቱ ከበረታ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እሑድ ዕለት ግንበኛው የምሰሶው ስንጥቅ ላይ ቁራጭ መስታወት በሲሚንቶ ለጠፈ። ምሰሶው ካልተነቃነቀ መስታወቱ አይሰበርም። ዛሬ ጠዋት ለሁለት ተሰብሮ አገኘው።

የግድግዳ ሰዓቴን ለታናሽ ወንድሜ፤ በእናታችን ቀብር እንኳ አርፍዶ የመጣ ሰው ነው። ይህ ወረቀት ታሽጎ ከሞትኩ በኋላ ይከፈት።

እዚህ ላይ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ነርሷ ብዕሯን ጣለች። «እትዬ፣ እርስዎ እስኪሞቱ ልጠብቅ ነው? እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ እኮ!»

«እኔም ዝም ማለት በቅቶኛል» አለ ግንበኛው።

የእህቴ ልጅ ሣቀች። «አክስቴ፣ ሰው የሚያውቅሽ በወሬ ነው። ማን ያምንሻል?»

ያኔ ሕንፃው ከሥር ረዘም አድርጎ አቃሰተ። ሣቋ አፏ ላይ ቀረ።

ስለዚህ የመጨረሻው አንቀጽ ተለውጧል፤ ይህ ኑዛዜ ሞቴን አይጠብቅም። ነዋሪው ሁሉ አሁኑኑ ከአጥር ውጭ ይጠራልኝ፤ ራሴ አነብለታለሁ፤ የተሰበረውን መስታወት ግንበኛው ያሳያል። ቢሰድቡኝም እዚያው ውጭ ቆመው ይስደቡኝ።

ተናዛዥ፦ ፈርሜያለሁ።
ምስክር፦ ግንበኛው። ምሰሶውን የጠረብኩት እኔ ነኝ።
ምስክር፦ የአራተኛ ፎቅ ነርስ። በሩ ላይ ቆሜ ፈረምኩ።

ከዚህ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ አስቀርቻለሁ። ስንቱ ልጁን ይዞ እንደወጣ፣ ስንቱ ስቆብኝ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ በገዛ እጄ እጽፍበታለሁ።