«ኪፕ ኢት» የተባልኩባት መኪና

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ቁርጥማት በእርግጥ ተሻለሽ ወይስ እኔ እንዳላስብ ብለሽ ነው? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን ጨረሰች? ትንሹስ አሁንም ጫማውን ግራና ቀኝ እያሳሳተ ነው የሚያጠልቀው? የእናታችን ዓይን እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁና ከአንገቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። አንገቱን የማያመው ልብስ ሰፊ የለምና ለሱ አታስቢ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጎረቤቱ «መኪና ተሰጠው» ብሎ እልል ማለቱን፣ የባልሽ ወንድምም «ስንት በር አላት?» ብሎ መጠየቁን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። እታለም፣ መኪናዋ በር የላትም። የስፌት መኪና ናት፤ በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ። ይህ አንዱ ነው። የባሰው ግን «ተሰጠኝ» ያልኩት ነው። መሰጠቷን ራሱ ተጠራጥሬያለሁና እልልታውን ለጊዜው ያዙልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ስፌት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ልብስ መለኪያው ከአንገታቸው ስለማይወርድ በሌሉበት «ሜትር» እንላቸዋለን። ወገባቸውን ሊታከሙ ሆስፒታል የሚገቡ ዕለት ወደ መኪናዋ ጠሩኝ። ሌላ ሰው አስነክተዋት አያውቁም፤ ዘይቷን እንኳ ራሳቸው ናቸው የሚቀቧት። በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓትና «ኪፕ ኢት» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ታክሲው ጥሩንባ ሲነፋ ወጥተው ሄዱ። እኔም በደስታ ሰክሬ በዚያው ሰሞን ጻፍኩልሽ።

ልብሱን የምትተኩሰው የአገራችን ልጅ ናት፤ አፏ ከካውያዋ ይብስ ይፋጃል። ስነግራት «እሰይ! ውሰዳታ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ? ሰውዬው ሳይቆጫቸው አውጣት!» አለችኝ። ሰው ለእኔ ዕድል ይህን ያህል ሲቸኩልልኝ አልወድም። መኪናዋ ያለችው መስኮቱ ሥር ነው። ተኳሿ ደግሞ እንፋሎቱ አፈነኝ፣ ወደ መስኮቱ አስጠጉኝ እያለች ስትነዛነዝ ከርማለች። እንግዲህ አንቺው ፍረጂ።

ክፍሌ ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። አንድ ትርጉም ፈልጌ ገጽ ሙሉ ወረደብኝ። መያዝ ይላል። ማስቀመጥ ይላል። መጠበቅ፣ ማቆየት፣ ማርባት፣ የራስ ማድረግ። ዶሮ የሚያረባ ሰው ዶሮውን «ኪፕ» ያደርጋል፤ የገባውን ቃል የሚያከብርም ቃሉን «ኪፕ» ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ይከተለኝ ጀመር። የመጋዘኑ በር ላይ «ኪፕ አውት» ተጽፏል፤ ድርሽ እንዳትል ማለት ነው። ባለሱቁን ይህ ወተት ይበላሽብኝ ይሆን ብዬው «አታስብ፣ ኪፕ ያደርጋል» አለኝ። ወተቱም ራሱን ይጠብቃል እንግዲህ! ባለታክሲን መልሱን «ኪፕ» ካልሽው ወሰደው፣ አይመለስም። ለጎረቤት ሻንጣሽን ሰጥተሽ «ኪፕ» ካልሽው ግን ስትመጪ ትቀበይዋለሽ። እኛም «ያዘው» እንላለን አትበይኝ፤ እኛ «አደራ» የምትል ቃል አለችን። አደራ የተባለ እንቅልፍ የለውም፣ ያልተባለ አመስግኖ ይወስዳል። እዚህ ሰጪው ልቡን አይናገር፣ ቃሉም አያሳብቅበት። እንዲያውም ሽማግሌው ሆን ብለው ሊፈትኑኝ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

የቃል ነገር ብቻ ቢሆን ባላደከምኩሽ። የሽማግሌው ልጅ ባል መመላለስ ጀምሯል። ይመጣል፣ ጥርሱን ያሳየናል፣ መደርደሪያውን በእርምጃ ይለካል፣ ዕቃውን አንድ በአንድ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ቤቱን አከራይቶ ዕቃውን ሊሸጥ መሆኑን ማንም ሳይነግረን ገባን። መኪናዋ የእኔ ከሆነች ቤቱ ቢዘጋም ክፍሌ ውስጥ እየሰፋሁ አድራለሁ። አደራ ሆና «የእኔ ናት» ካልኩ ግን ሌባ ነኝ፤ ስሜ በየስፌት ቤቱ ይዞራል፣ ሥራ የሚሰጠኝ አይኖርም። ዝም ካልኩ ደግሞ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ትሄዳለች።

አንድ ቀን እጁን ሲያሳርፍባት ደሜ ፈላና «ለእኔ ኪፕ ኢት ብለውኛል» አልኩት። ፈገግ አለና «በጣም ጥሩ፤ እንግዲያስ ኪፕ ኢት ክሊን» አለኝ። አቧራዋን ጥረግ ማለቱ ነው። ቃሌን ጅራት ቀጥሎ መለሰልኝ። ተኳሿ ከካውያዋ ሳትነሳ በአማርኛ «ወንድሜ፣ ሰውየው መኪናዋን ሳይሆን አንተን ነው የጠረገህ» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ ሆስፒታል ሄድኩ። ሽማግሌው ከስተዋል፤ ሜትሩ እንኳ ከአንገታቸው ወርዷል። ስለ ጤናቸው ጠይቄ ትንሽ ከተቀመጥኩ በኋላ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። እንግሊዝኛዬን ስለማላምነው እጄንም ጨመርኩበት። ወደ እሳቸው እየጠቆምኩ «መኪናዋን ለእርስዎ ነው የምይዛት»፣ ወደ ደረቴ እየጠቆምኩ «ወይስ ለእኔ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።  ከዚያ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ «ከተመለስኩ የእኔ ናት፤ ካልተመለስኩ ያንተ» አሉኝ። እዚያው ስልክ አስደውለው ለአማቻቸው ይህንኑ ነገሩት፤ መኪናዋን ማንም እንዳይነካት አዘዙት። ቃሉ አላታለለኝም ለካ። ሁለቱንም ነበር ያሉኝ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ፣ እታለም። አማቻቸው ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎም አያያት። ግን ትናንት ተኳሿ ሐኪሞቹ ሽማግሌው ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ማለታቸውን ስትነግረኝ ዓይኔ ሳላዘው ወደ መኪናዋ ሄደ። ተኳሿም አየችኝ። ካውያዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ዞረች። አሁን ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ብዬ ስደውል የምጠረጥረው ሌላ ሰው አይደለም። ድምፄን አዳምጠዋለሁ። አንቺ ጸልዪላቸው። እኔም እጸልያለሁ፣ ነገር ግን ጸሎቴን ለጊዜው አላምነውም።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ብርድ ላይ አይውጣ። ትልቋን በርቺ ብሎሻል በያት። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። እናታችንን ጉልበቷን ስመሽ፣ አንድ ደግ ሽማግሌ ታመዋልና ጸልዪላቸው ብሏል በያት። መኪናዋ በምን ውል እንደተያዘች ግን አትንገሪያት። ቢያንስ የእሷ ጸሎት ለሁለት አይከፈል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከተከራየኋት ክፍል
ኅዳር ፲፬ ቀን