ኮሪደር ላይ ስለ ተወሰነው የእህቴ አወዳደቅ

ለክቡር የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው። ነፋስ በሚመላለስበት ኮሪደር ላይ ቆሞ ስብሰባ መምራት ለወገብም ለደረትም አይበጅምና፣ ይህ በጋዜጣ የማወጣው ደብዳቤ ጉንፋን ሳይቀድመው እጅዎ እንዲገባ ከልብ እመኛለሁ።

ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። በዚያ ስብሰባ ዕለት ከአዳራሹ ጥግ፣ በተገለበጡ ወንበሮች መካከል መሬት ላይ ተቀምጬ፣ በአፌ ሚስማር ይዤ የወንበሮቹን ቆዳ ስቀይር የነበርኩት ሰውዬ ነኝ። ትምህርቴ ከአሮጌ ሶፋ ሆድ የሚወጣ ጋዜጣ ነው። የድሮ ሶፋ ሠሪዎች ስፖንጅ ሲያጥራቸው ጋዜጣ ይጠቀጥቁ ስለነበር፣ እኔም ሳወጣ እያነበብኩ እዚህ ደርሻለሁ። እውቀቴ ትንሽ ያረጀና የተጨማደደ ቢሆን አይፍረዱብኝ።

ታናሽ እህቴ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ጉልበቷ ስለሚያሰቃያት ኮሚቴዎ በፈቀደው ጥናት ውስጥ ገብታ አንድ ኩባንያ የሠራውን አዲስ የመገጣጠሚያ ክኒን ትወስድ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆማ ስታስተምር ክፍሉ ዞረባትና ወደቀች። ልጆቹ የትምህርቱ ክፍል መስሏቸው እነሱም ተራ በተራ ወለሉ ላይ ተኙ። ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ የተጋደመች አንዲት ሚጢጢ «ቲቸር፣ አሁን እንነሳ?» ብላ ጠየቀቻት። እኛ ቤት ይህ ሲወራ ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ እኔማ ባገኘኋት ቁጥር «ቲቸር፣ ዛሬስ እንተኛ?» እያልኩ መከራዋን አበላኋት። አንድ ቀን ግን ቀና ብላ «ጋሼ፣ ልጅ አቅፌ ቢሆንስ ኖሮ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላሾፍኩም። በእሷ ላይ ማለቴ ነው።

እህቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ክኒን የሚውጡት ሌሎች ሰዎች ራስ ሊያዞራቸው እንደሚችል፣ አንዱ ደረጃ ላይ ወይም የፈላ ውኃ ይዞ ሳይወድቅ በፊት ይነገራቸው። ጉዳዩም በጥናቱ ነርስ በኩል እርስዎ ዘንድ ቀረበ። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ደንብ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። «አንዲት አስተማሪ ሰሌዳ ፊት ወድቃለች» ተብሎ ሲነበብ፣ ያቺ የእኔዋ ጉድ መሆኗን ስላወቅሁ መዶሻዬን አስቀመጥኩ። እርስዎም «ከኩባንያው ጋር ግንኙነት ያለው አባል በደንቡ መሠረት ከክፍሉ ይውጣልን» ብለው፣ የኩባንያው አማካሪ ነዎትና ቀድመው ተነሡ። ፋርማሲስቱ ልጃቸው በኩባንያው ወጪ ስለሚማር ተከተሉዎት። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ትልቁ ማቀዝቀዣ ስጦታ መሆኑን አስታውሰው ወጡ። የሕግ ባለሙያዋ በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ቦርሳቸውን ሊወስዱ ተመለሱ፤ ቦርሳው ራሱ የኩባንያው ዓርማ ነበረበትና ሁለቱም አንድ ላይ ወጡ። ብቻዋን የቀረችው ወጣት ሐኪም ወደ ጣሪያው እያየች ጥቂት አሰበችና «እኔም እኮ ምሳቸውን በልቻለሁ» ብላ ሄደች። ከሁሉም የእሷን ሕሊና አከብራለሁ። አዳራሹ ውስጥ እኔና ወንበሮቹ ቀረን። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ስብሰባ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሁለተኛ፣ በሩን ክፍት ስለ ተዉልኝ አመሰግናለሁ። እኔ የዋሁ፣ የወጡት ነገሩን ለሌላ ሰው ለመተው መስሎኝ ነበር። ለካ ውይይቱ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሻይ በእጅ ተይዞ ሊቀጥል ኖሯል። «ታዲያ በምን ወደቀች እንበል?» ብሎ አንዱ ሲጠይቅ፣ ሌላው «አስተማሪ አይደለች? ጠመኔ በሉት፤ ወለሉ ላይ የረገፈ ጠመኔ አንሸራቷት ነው» ሲል፣ እርስዎም «ጥሩ፣ ጠመኔ ያስኬዳል» ሲሉ ሰማሁ። ክቡር ሆይ፣ እህቴ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነጭ ሰሌዳና ማርከር መጠቀም ከጀመረ ስንት ዘመኑ! እዚያ ግቢ ጠመኔ የሚያውቀው ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም በወሬ። አንድ ሰው ስልክ አንስቶ እህቴን ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ይህን ትነግረው ነበር፤ እንዳልተንሸራተተች፣ ከመውደቋ በፊት ሰሌዳው እንደ ጀልባ ሲወዛወዝባት እንደነበርም ጨምራ ትነግረው ነበር። መቼም ደዋዩም ግንኙነት አለህ ተብሎ እንዳይወጣ ፈርቶ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰጡኝ የመናገር ዕድል። ተመልሳችሁ ስትቀመጡ ለጸሐፊዋ ጮክ ብለው «ግንኙነት ያላቸው አባላት ክፍሉን ለቀው ከወጡ በኋላ ጉዳዩ ታይቶ፣ በክፍሉ ውስጥ ተቃውሞ አልቀረበም» ብለው አጻፉ። እውነትዎን ነው፤ አፌ ሚስማር ሞልቶት ምን ብዬ ልቃወም? እንደ ምንም ተፍቼ «እኔ እቃወማለሁ!» ብል፣ በዚያ በሚያምር ፈገግታዎ ዘወር ብለው «አባባ፣ የወንበር ጥያቄ ካለዎት ለንብረት ክፍል ያመልክቱ» አሉኝ። አመለከትኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊም እስከ መጨረሻው ካዳመጠኝ በኋላ የሰው አወዳደቅ በእሱ በኩል እንደማይታይ በትሕትና ገለጸልኝ። ከኮሚቴዎ ይልቅ ሥልጣኑ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያውቅ ሰው ሆኖ አገኘሁት።

አራተኛ፣ እህቴ ጋ ስላስደወሉት ስልክ። ምስኪኗ ነርስ «ቲቸር፣ መውደቅዎ ከመድኃኒቱ ጋር ግንኙነት የለውም ተብሏል፤ መጥተው በራሴ ፈቃድ ከጥናቱ ወጥቻለሁ ብለው ይፈርሙልን» አለቻት። እንግዲህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከኩባንያው ጋር ግንኙነት የሌለው ብቸኛ ነገር የእህቴ አወዳደቅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ቤተሰባችን ኮርቷል።

አምስተኛ ብዬ፣ ባሕር ዳርቻ ሄዳችሁ ስለ ወሰዳችሁት ሥልጠና ልጽፍ ነበር፤ እህቴ ከጀርባዬ ቆማ እያነበበች «ጋሼ፣ በቃህ፣ አታብዛው» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። የሥልጠናው ርዕስ የተመራማሪ ነፃነት እንደነበር፣ ወጪውንም ማን እንደሸፈነ አንባቢ ራሱ ይገምት።

አሁን ቀልዱን ላቁምና እንደ ሰው ላናግርዎ። መድኃኒት ከሰማይ አይወርድም፤ ሠሪ አለው፣ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሐኪምና ኩባንያ ሳይነጋገሩ አይሠራም። ይህ ይገባኛል። እኔም ራሴ የሰፋሁት ቆዳ ኩባንያው የገዛው ነበር፤ የወደቀችው ሴት ደግሞ እህቴ ናት። ይኸው በጋዜጣ ተናገርኩ፤ ግንኙነት አለኝ። በደንቡ መሠረት እኔም መውጣት ነበረብኝ። እንግዲያው በዚያ ክፍል ውስጥ ለመወሰን የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ደንቡ ደግሞ ግንኙነት ያለው ሰው አይወስን ይላል እንጂ ቆሞ ይወስን አይልም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ውሳኔ የለም። ውሳኔ ከሌለ ጠመኔም የለም፤ እህቴም ከጥናቱ አልወጣችም።

በፈቃዷ እንድትወጣ የተጠየቀችው እህቴ ልትወጣ ፈቃደኛ አይደለችም። ክኒኑን በሐኪሟ ምክር አቁማለች፤ ክትትሉን ግን አትተውም፤ መብቷ እንደሆነም ስትገባ በተሰጣት ወረቀት ላይ በእናንተው ቃል ተጽፏል። በየቀጠሮዋ ቀን እየመጣች ከተራ ጠባቂዎቹ መካከል ትቀመጣለች። አጠገቧ የተቀመጠ ክኒኑን የሚወስድ ሰው ካለ ምን እንደደረሰባት ትነግረዋለች። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ መሆኗን አይርሱ፤ ድምፅዋ ከመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል፣ ያልገባውም ሰው ካለ እስኪገባው ትደግምለታለች፣ በቁጣም በማባበልም ዝም አሰኝቷት የሚያውቅ የለም። እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

እሷ ሳትቀድምዎ መናገር ቢሹ መንገዱ ክፍት ነው። ለተሳታፊዎቹ ሁሉ ያስታውቁ፤ ጉዳዩንም ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ሊያዩት ለሚችሉ ሰዎች ይስጡ። እንዲህ ያለ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ ከጠፋ፣ ጠፋ ብለው ይጻፉልንና ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። እስከዚያ ግን እህቴ አትፈርምም፣ እኔም አልሰለችም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ አባላት መቀመጥን፣ ለኮሪደሩም መጋረጃ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ሊደበቅ ባልቻለ ተንኮል እጅ እነሣለሁ።

የቲቸር ታላቅ ወንድም፣
ወንበር አዳሹ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጉልበቱን የሚያመው ሾፌርዎ በዚሁ ጥናት ውስጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲሰማ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት መንገዱ ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ ለእሳቸው መንገር ፈራሁ፣ አንተው ጻፍልኝ» አለኝ። እኔ ቁልፉን ዛሬውኑ እንዲያስረክብ መክሬዋለሁ። እርስዎ ግን በውሳኔዎ ከጸኑ፣ ቁልፉን ይመልሱለትና ነገ ጠዋት ከኋላ ተደላድለው ይሳፈሩ።