የመሃል መቀመጫ

ጥቅምት 4

ነፋስ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። በአሮጌዋ ታንኳ ብቻዬን ስወጣ ይኸው ሦስተኛዬ... ከኋላ ስቀመጥ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሣል፤ ነፋሱ እንደ በር ይከፍታታል። መንጠቆውን ወርውሬ ቀና ስል ወደ መጣሁበት ዞሬ እገኛለሁ።

እሱ ፊት ሲቀመጥ እንዲህ አልነበረም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ "ፊት ተጎልተህ ምን ትሠራለህ?" እያልኩ ባሌን ስነዘንዝ ኖርኩ። ክብደቱ ይሠራ ነበር ለካ። እጁም። ነፋስ ከቀኝ ሲመጣ ቀኙን ያነሣል፣ ከግራ ሲመጣ ግራውን። ነፋሱ ሳይደርስ ውሃው ሲጠቁር ቀድሞኝ ያያል። እኔ ከኋላ ጀርባውን እያየሁ እቀዝፋለሁ። ቃል አንለዋወጥም።

በሰኔ ቀኝ ጎኑ ከዳው። አሁን አልጋው መስኮቱ ሥር ነው። ሐይቁን ያያል።

ጥቅምት 6

የአሸዋ ጆንያ በእሱ ቦታ አስቀመጥኩ። ግማሽ መንገድ ቀጥ ብላ ሄደች። ማዕበሉ በጎን ሲመታት ጆንያው ተንሸራተተና ልትገለበጥ ለጥቂት... እሱ እኮ ያዘነብል ነበር። ጆንያ ምን ያውቃል?

ልጄ እርጥብ ቀሚሴን አየች።

"እማዬ፣ ዓሣ ገበያ ሞልቷል እኮ።"

"ሞልቷል።"

"ታዲያ?"

ቀሚሴን ልቀይር ገባሁ። ለአባቷ የሚወርድለት የዓሣ ሾርባ ብቻ ነው። የገበያውን ከሽታው ያውቀዋል፤ ፊቱን ያዞራል።

ጥቅምት 11

ታንኳ ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ "ሙጫ" ይለዋል፤ ደንበኛ ከያዘ አይለቅም። የአንድ ሰው ታንኳ ሦስት አሳየኝ።

"ይቺን ይመልከቱ እትዬ፣ ሰፊ ናት፣ ጎኗም ከፍ ያለ። ሶፋ በሏት።"

"ሶፋ ቤቴ አለኝ። ይህን ሁሉ ጎን ነፋስ ሲያገኘው የት ያደርሰኛል?"

"እርስዎ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሊፈትኑኝ?"

"ሁለቱንም።"

ሁለተኛዋ አጭርና ቀላል። አንዴ ሲቀዝፏት እንደ እንዝርት ትሾራለች። ሦስተኛዋ ረዘም ያለች፣ ከውሃው ብዙ የማትነሣ። መቀመጫዋ አንድ ነው፣ መሃል ላይ። ከፊት ባዶ፣ ከኋላ ባዶ። ሜትር ይዤ ነበርና ለካሁ። ሁለቴ ለካሁ። ልኩን መቼ አጣሁት...

ስወጣ ታፔላው ተንጋዶ አየሁ። ነገርኩት።

"ሃያ ዓመት ማንም አላየውም እኮ እትዬ!"

"አይተውታል። ዝም ብለውህ ነው።"

ጥቅምት 12

ልጄ ነግራዋለች። አንደበቱ እየተጎተተ ጠየቀኝ።

"አዲስ... ታንኳ?"

"አዎ።"

"ስንት ሰው... ትይዛለች?"

"ሁለት" አልኩ።

ዋሸሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ! እኔ ሳስተምር የዋሸ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆም ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ግድግዳው ፊት ቆምኩ። ማን አዞረኝ? እኔው።

ጥቅምት 13

ጠዋት ፊቱን ሳብስለት እውነቱን ተናገርኩ።

"የአንድ ሰው ናት።"

ፎጣው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ፣

"መቀመጫው... የት ነው?"

"መሃል ላይ።"

"ለነፋስ... እሱ ነው ደጉ።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 17

ሙጫ ፀጥ ባለ ቀን ሊያስሞክረኝ ፈልጎ ነበር። እምቢ አልኩ። "ነፋስ ሲነሣ ጥራኝ" አልኩት። "ሰው ፀሐይ ይጠብቃል፣ እርስዎ ነፋስ!" እያለ ሲስቅ ከረመ። ዛሬ ጠራኝ። ታፔላው ተቃንቷል።

ሦስተኛዋን፣ ዝቅተኛዋን ሞከርኳት። ወሰድኳት።

ጥቅምት 18

አሮጌዋን ገልብጬ ግቢ ውስጥ አስቀመጥኳት። ከመስኮቱ በማይታይበት በኩል።

ጥቅምት 20

ማለዳ ወጣሁ። ነፋሱ ከቀኝ፣ ጠንከር ያለ። ታንኳዋ አልዞረችም። መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ አድርጌ ክሩን በሁለት እጄ ስይዝ እንኳ አልዞረችም። አራት ዓሣ።

ከፊቴ ውሃ ብቻ። ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የባሌ ጀርባ ነበራ በመካከላችን። ውሃው ሲጠቁር አሁን ራሴ ማየት አለብኝ። ሁለቴ ዘገየሁ። ወደ ቤት ግን አንዴም ዞሬ አላየሁም። ምን ላይ ብዬ?

ስመለስ ልጄ በር ላይ ቆማ ነበር።

"እማዬ፣ አባዬ ዛሬ ምን ሆኗል? ጠዋት ሙሉ እጁን ሲያነሣ ሲያወርድ። ውሃ አማረው ብዬ ብሰጠው ገፋው። ትራሱን ባስተካክል ተቆጣኝ። ከመስኮቱ ዞር በዪ ነው የሚለኝ።"

"የትኛውን እጁን?"

"ግራውን ነዋ! ሌላ ምን አለው?"

ገባሁ። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ወድቋል። ደክሞታል።

"ዞረች?" አለኝ።

"አልዞረችም። አየሁህ" አልኩት።

ነፋሱ ከቀኝ ነበር። ግራ እጅ ማንሣት ስህተት ነው።

አላረምኩትም።