ባንቺ ስም የፈረምኩት

ሰልሳቢል ልጄ፣ አላህ ባለሽበት ከክፉ ይሰውርሽ፣ የዛሬውን ግን ወላሂ እመኚኝ፤ አምና ናፍቀሽኝ አሞኛል ብዬ እንደዋሸሁሽ አይደለም።

ያ ጎረቤታችን ቶሌራ፣ ዓይኑ ይጥፋና፣ አዲሱን ፓርቲያችንን ለማስመዝገብ የመሥራች ፊርማ ጎደለን ብሎ መጣ። ፈረምኩ። የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ ለቤተሰቡ ሁሉ እንደምፈርመው መስሎኝ ትተሽው የሄድሽውን መታወቂያ አውጥቼ ላንቺም ፈረምኩልሽ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች ስምሽን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡ። ጅዳ ናት ብላቸው፣ "ጅዳ ሆና አምቦ ፈረመች? ክንፍ አላት?" ብለው ሳቁብኝ። ፓርቲው ሕጋዊ ነው ተብያለሁ አልኩ። "ሕጋዊማ እኛም ነን" አለኝ አንደኛው። ለአረፋ እንደምትመጪ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ "ስትመጣ ከመኪናው እንቀበላታለን" ብለው ሄዱ። ቶሌራ ጋ ብሮጥ፣ "ማሎ፣ እባክሽ ሸምሲያ፣ እጅሽን ይዤ አላስፈረምኩሽ!" ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ይዘጋበት!

ልጄ፣ ነገ እንዳትሳፈሪ። ከጀልዱ ያስመጣሁልሽ በግ ግቢ ውስጥ ይጮሃል፣ ይጩህ። ይሄን ሱቅ የምታግዘኝ ሀጀራ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አላህ መንገድሽን ይያዝልኝ፣ ብቻ ሳይመሽ ደውይና ቀርቻለሁ በይኝ።