ሳምንቴን የሚገዛ ጠፋ

ለተወደድሽው ታላቅ እህቴ ለኦርፋ፦ እንደምን ሰንብተሻል? የነብራስካ ብርድ እንዴት ይዞሻል? በረዶው ላይ ወድቀሽ የተሰበረው ዳሌሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ከታች ሆነሽ ፎቁን ቀና ብለሽ ታዪዋለሽ? ዶሮዎችሽ ይጥላሉ? የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶችስ ያንን ጨው የረሳው የዶሮና የፓስታ ድስታቸውን እየተሸከሙ ይጠይቁሻል? እኔ ጉልበቴ ከመንቋቋቱና ሞራሌ ከመሰበሩ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ፍሎሪዳ ፀሐይዋን በነፃ ትሰጣለች፤ የቀረውን ሁሉ ታስከፍላለች።

እታለም፣ ክሌተስ ልጅሽ በገና ሰሞን ደውሎ ያለኝን አልረሳሁም። «አጎቴ፣ መታጠቢያ ቤቱም መጸዳጃውም ፎቅ ላይ ነው፤ እናቴ በአንድ እግር እዚያ ስትወጣ እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እስከ ፋሲካ መጥተህ አብረሃት ካልኖርክ፣ ቤቱን ሸጬ አረጋውያን መጦሪያ አስገባታለሁ» አለኝ። እኔም «ይኼ ምን ጥያቄ አለው! ያቺን ሳምንት ሸጬ፣ ከታች መታጠቢያ ቤት አሠርቼ፣ ፋሲካን እናንተው ዘንድ ነኝ» ብዬ በኩራት ስልኩን ዘጋሁ። ያንን ኩራቴን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ያቺን ሳምንት መቼም ታውቂያታለሽ። ነፍሷን ይማርና ኮሪን ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ከሐይቁ ዳር የዕረፍት ማኅበር የገዛናት ናት። ቤቱ የኛ አይደለም፣ አልጋው የኛ አይደለም፤ ከዓመቱ ሳምንታት አንዷ ብቻ የኛ ናት፣ በቀሩት ሁሉ የማናውቃቸው ሰዎች ያንኮራፉበታል። ዐሥራ ስምንት ሺህ ዶላር ከፈልንባት፤ ብንተኛባትም ባንተኛባትም በየዓመቱ መዋጮ እንገብርላታለን። የገዛን ዕለት ሻጩ «ይህ እንደ መሬት ነው፤ ዋጋው ይወጣል እንጂ አይወርድም» አለን። እኛ ደግሞ የገበሬ ልጆች አይደለን? መሬት ሲባል ልባችን ቅቤ ሆነ። አባታችን መሬት ሲገዛ አፈሩን በጣቱ አሽቶ፣ አሽትቶ፣ ሲሻው ቀምሶ ነበር። እኛ ምኑን እንቅመስ? ምንጣፉን?

እንግዲህ ለመሸጥ ወደ ደላላ ሄድኩ። ቬርኖን ፒክ ይባላል፤ አሮጌ ሳምንት ያሻሽጣል፤ ቢሮው ከልብስ ማጠቢያው ጎን ስለሆነ ወንበሩ ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ወረቀቴን ገልበጥበጥ አድርጎ አይቶ፣ ሬሳ እንዳየ ሰው መነጽሩን አወለቀ። «ጋሽ ሌላንድ፣ ይቺ እኮ ውሏ በ2042 ያበቃል። ሱቅ ሄደው ነገ የሚበላሽ ወተት አይተው ያውቃሉ? በስንት ነው የሚሸጡት?» አለኝ። «በግማሽ» አልኩት። «ይቺም ያው ናት። ዕድሜዋ ባጠረ ቁጥር ዋጋዋ ይወርዳል፤ መዋጮዋ ግን ይወጣል።» «ሰማህ ወይ፣ እኔ እኮ ከ2042 በፊት መሞቴ ነው፤ ለእኔ በቂ የሆነው ለሌላው ለምን ያንሳል?» ብዬ ብሟገት፣ «እርስዎማ ይሞታሉ፤ ገዢ ነው የማይሞተው» ብሎ አረፈው።

በሽታዋ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ማኅበሩ ባሕር ዳርቻም ተራራም ላይ አዳዲስ ቤቶች ሠርቷል። ሳምንቷን ከራሱ ከማኅበሩ የገዛ ሰው እያማረጠ ያድርባቸዋል። ከእኔ የገዛ ግን እነዚያን ቤቶች በር ላይ ቆሞ እንኳ እንዲያያቸው አይፈቀድለትም፤ እዚሁ አሮጌው ቤት፣ ከአዞው ኩሬ ፊት ለፊት እንዲያርፍ ተፈርዶበታል። በእኔ እጅ ወርቅ የሆነችው፣ እጅ በቀየረች ቅጽበት ቆርቆሮ ትሆናለች። ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነው ብትዪ፣ አዲሶቹን ሳምንታት የሚሸጠው ራሱ ማኅበሩ ነው። የእኔ አሮጌ ሳምንት ገበያ ላይ ቀና ብላ እንዳትቆም እግሯን የሰበረ እሱ፣ «ምነው አነከሰች?» ብሎ የሚያዝንም እሱ። ፒክ «ዘጠኝ መቶ ዶላር ከሰጡዎት ግንባራቸውን ይሳሙ» ብሎ ሸኘኝ።

የሚሳም ግንባር ግን አልጠፋም ነበር። ከጆርጂያ አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ደወለ። ጥሩ ሰው ነው፤ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት በሽታ ተጫወትን፣ በዋጋውም ተስማማን ማለት ይቻላል። ድንገት ከኋላው ሚስቱ «ባሕሩ ዳር ያለውን ቤት ነው አይደል? ለልጆቹ ተናግሬያለሁ!» አለች። ዋሽቼ አላደግኩም፣ «አይ እመቤቴ፣ ባሕሩ አይሆንም፤ ኩሬ ግን አለ» አልኩ። «ኩሬው ውስጥ ምን አለ?» «አዞ።» ባልየው «ኧረ ቆይ፣ ዋጋውን ይቀንስልናል» ሲል ሰማሁት። «ቢመርቅበትስ! አዞ ልመግብ ነው በየዓመቱ መዋጮ የምከፍለው? ዝጋ፣ አንተ ሰውዬ፣ ስልኩን ዝጋ!» ዘጋው። ከዚያ በኋላ «በነፃ ውሰዱልኝ» ብዬ ማስታወቂያ አወጣሁ። የደወለልኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እሱም የራሱን ሳምንት በነፃ እንድወስድለት ሊለምነኝ ኖሯል።

በመጨረሻ ማኅበሩን ራሱን ልማጸን ሄድኩ። «መልሳችሁ ውሰዷት» ልላቸው ነው። እነሱም ደስ አላቸውና ለቁርስ ጠሩኝ። እታለም፣ የሻጭ ነፃ ቁርስ ወጥመድ መሆኑን፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ እኔ ብቻ የረሳሁት ይመስል፣ ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። ታነር የሚባል፣ ጥርሱ ከሰሃኑ የሚነጣ ልጅ ከፊቴ ተቀመጠ። እያንዳንዷን ብሶቴን እንደ ንስሐ አባት ሰማኝ፤ አንዷንም አልተከራከረኝም። «ጋሽ ሌላንድ፣ ልክ ነዎት። ሊሞት የደረሰ ነገር ማን ይገዛል? እኔም አልገዛም። የእርስዎ ችግር መሸጥ አይደለም፤ የሚሸጥ ነገር የለዎትም። እስከ 2075 የምትኖረዋ ቢኖርዎት ግን ሰው በር ላይ ይሰለፍልዎ ነበር» አለኝ። አሮጌዋን በገዛኋት ዋጋ ሊቆጥርልኝ፣ እኔ ልዩነቱን ብቻ ልጨምር ነው። ፓንኬኩም ትኩስ ነበር። ለመሸጥ መግዛት አለብኝ ማለት ነው ብዬ ከራሴ ጋር መከርኩ፣ ራሴም አጨበጨበልኝ። ለመታጠቢያ ቤትሽ ያስቀመጥኳትን ጥሪት ሰጥቼ፣ የቀረውን በየወሩ ልከፍል ፈረምኩ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዕዳዬ ሲያልቅ ሰማንያ ስድስት እሆናለሁ።

ሕጉ ለፈረመ ሰው ሐሳቡን የሚቀይርባቸው ጥቂት ቀናት ይሰጠዋል። እኔ እነዚያን ቀናት መዋኛው ዳር ቁጭ ብዬ ማኅበሩን እንዴት እንደበለጥኩት ለጎረቤቶቼ ሳወራ ጨረስኳቸው። ከዚያ ወረቀቴን ታቅፌ እንደ ሙሽራ አባት ፒክ ቢሮ ገባሁ። «ይኸው ረጅም ዕድሜ ያላት! አሁን ሽጥልኝ» አልኩት። አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ውሃ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ በአዲሶቹ ቤቶች ላይ እኮ ክልከላው ብሷል። ከእርስዎ የሚገዛው ሰው እዚያችው አንዷ ቤት እንጂ ሌላ የትም አያድርም። ከከፈሉት ሩቡን ካገኙ ዕድለኛ ነዎት፤ ዕዳዋ ሳይዘጋ ደግሞ ጭራሽ አትሸጥም» አለኝ። «እንግዲያ ዕድሜዋ መርዘሙ ምን ረባኝ?» ብለው፣ «መዋጮው ነዋ፣ እሱም እስከ 2075 ይኖራል» አለኝ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው፤ ማጡም በሊዝ።

ስለዚህ እታለም፣ እውነቱን በቁልምጫ አልሸፍነውም፤ አልመጣም። ጡረታዬ ወርሃዊ ክፍያውን ስለማይችል ገበያ አዳራሹ ውስጥ የዕቃ ጋሪ እየሰበሰብኩ እሠራለሁ፤ ትቼው ብነሳ ዕዳው ይከተለኛል፣ ባዶ እጄን ብመጣም ደረጃው ያው ደረጃ ነው፣ አንቺን አዝዬ ፎቅ የማወጣበት ጉልበት የለኝም። ክሌተስን እሺ በይው። ወደ መጦሪያው ስትሄዱ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ጠይቂ፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሆነውን፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ካላየሽ እንደምትነጫነጪ ንገሪያቸው። ዶሮዎቹን ለሰው ስጪ እንጂ አትሽጪያቸው፤ የኛ ቤተሰብ መሸጥ አይሆንለትም።

ክሌተስን በጣም ሰላም በይልኝ፤ አልተቀየምኩትም፣ እሱም አይቀየመኝ፣ ከሁለታችን ልክ የነበረው እሱ ነው። ማርዳ ምራትሽን ሳሚልኝ፤ ሻንጣሽን ስታዘጋጅልሽ ያንን ሰማያዊ ሹራብሽን እንዳትረሳው። መንታዎቹን የልጅ ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ያቺን ሽማግሌ ውሻ መጦሪያው የማይቀበላት ከሆነ ማን እንደሚወስዳት ጻፊልኝ፤ እኔ ያለሁበት ግቢ ውሻ ክልክል ነው።

ማኅበሩ ከባሕር ዳርቻ እስከ ተራራ ቤት አለው፤ እኔም እስከ 2075 ድረስ በየዓመቱ አንዱን መርጬ አንድ ሳምንት የማደር ሙሉ መብት አለኝ። ነብራስካ ውስጥ ግን የለውም። ጠይቄያለሁ።

የማይረባው ታናሽ ወንድምሽ
ሌላንድ

ኪሲሚ፣ ፍሎሪዳ
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2026