ዳርሲ የመረጠልኝ መኪና

ጁን 2
ውሾቹን አበላሁ። የውሃ ፓምፑ ሲያስቸግረኝ ዋለ። የአሮጌዋ ፒክአፕ ማርሽ ደግሞ ዛሬ ጨርሶ አልገባ አለ... አለቀላት። ልጄ ዳርሲ ከአደላይድ ደወለ።
«እማዬ፣ አታስቢ። ሌላ እኔ እመርጥልሻለሁ።»
ከፍ ያለች፣ በናፍጣ የምትሄድ፣ ሁለት ሙሉ ስኮርት ጎማ ያላት አልኩት።
«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል።»

ጁን 9
ምኑ ነው የገባው?!
ይዟት መጣ። ነጭ፣ አብረቅራቂ፣ ሆዷ መሬት የሚልስ። ስኮርቷን አውጥቼ አየሁት... ቀጭን፣ የሕፃን ብስክሌት ጎማ የመሰለ።
«መቀመጫዋ ይሞቃል እኮ» ይለኛል።
«እዚህ በረሃ? በጃንዋሪ ሐሩር ቂጤን ልጥበስበት?»
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አሮጌዋን ሳይጠይቀኝ አስጭኖ ወሰዳት። የእኔን መኪና!

ጁን 10
ዛሬም አልበረደልኝም።

ጁን 17
ጓደኛዬ ደልሲ ከቀዶ ጥገና ወጥታ ብቻዋን ናት። ሾርባ ይዤላት ወጣሁ። ደረቁን ወንዝ ስሻገር ሹል ድንጋይ ጎማውን ቀደደው። በዚያ በቀጭኑ ቀየርኩት... ብዙም ሳይሄድ ፈነዳ። ስልክ አይሠራም። ውሃ መያዜ በጀኝ። ዝንብ እየበላኝ በመኪናዋ ጥላ ተቀመጥኩ።
ሲመሻሽ ጎረቤቴ ኬቭ በከብት ጫኝ መኪናው ደረሰ። ወርዶ ዙሪያዋን ዞረ።
«ኔሪዳ፣ በዚች ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው? ሰርግ ተጠርተሽ ነው?»
ሳቁን ማቆም አቃተው። ሾርባው ተበላሸ። ደልሲ ዘንድ አልደረስኩም።

ጁን 18
ለዳርሲ ደወልኩ። ጮህኩበት። እዚያ ደርቄ ብቀር ኖሮስ? እሱ ግን...
«ሆን ብዬ ነው፣ እማዬ።»
«ምኑን?»
«ሩቅ እንዳትሄጂ ብዬ። አባዬን የገደለው ያ መንገድ ነው።»
እንደ ከብት አጥር ሊያጥርብኝ!
«አባትህን መንገዱ አልገደለውም! በኮረኮንች ላይ መቶ ሃያ እየነዳ ነው የተገለበጠው!»
ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ጁን 19
ይህን ከትናንት በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለለቀስተኛው ሁሉ «መንገዱ ክፉ ነው» ስል ነበር። ባሌ ክሌም... ስንቴ ቀስ በል አልኩት? «አንቺ ደግሞ!» ብሎ ይስቅብኛል። ልጄ ላይ ጮህኩ። መጮህ የነበረብኝ በማን ላይ ነው?

ጁን 28
ዳርሲ መጣልኝ፤ አብረን ፖርት ኦገስታ ከተማ ሄድን። ነጯን ሰጥተን ያገለገለች ፒክአፕ ለወጥን። እኔ መረጥኩ፣ እሱ በጀርባው ተኝቶ ሻንሲዋን ዳሰሰ። ቁመቷ ደህና ነው። ጎማዋም ወፍራም።
ስንመለስ እኔ ነዳሁ። ክሌም የተገለበጠበት ኩርባ ላይ ስደርስ አቆምኩ። እዚያ ቆሜ አላውቅም። ወርጄ ወደ ባዶው ሜዳ ጮህኩ።
«አንተ ደንቆሮ! ቀስ ብትል ምን ነበረበት?»
ዳርሲ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ... እንደ ልጅነቱ፣ ድምፅ አውጥቶ።
«ከዚህ እኔ ልንዳ» አለኝ ፊቱን ጠርጎ።
ቁልፉን ሰጠሁት። ቤት እስክንደርስ ከስልሳ አላለፈም። አንዴም ቀስ በል አላልኩትም።