የተሞረደችው ሞተርና የቴምፔው ዳገት

እትዬ ወኒንግ፣

በዚህ ሰፈር የሞተርሳይክል አንጀት እንደኔ የሚያውቅ የለም። ትናንት አንቺ ሠርግ ስትሄጂ ሞተርሽን ንፋስ አደረግኩልሽ።

የሲሊንደሯን የጭስ መውጫ ቀዳዳ በሞረድ ትንሽ ከፍ አደረግኩት፣ የእሽቅድምድም ልጆች እንደሚያደርጉት። ሩዝ ማሳው ዳር ስሞክራት የጋሽ ሱጊቶ ዳክዬዎች ሸሹ፤ ሁለቱ እስካሁን አልተመለሱም።

ዳገቱ ላይ ግን ትንሽ አመል አውጥታለች። በዝግታ ስትሄድ ጉልበት የላትም፣ ጉልበቷ የሚመጣው ስትጮህ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትሸጪውን የአኩሪ አተር ጥፍጥፍ፣ ቴምፔሽን፣ ጭነሽ ስትወጪ ፍሪሲዮን ያዢ፣ ጎረቤት በር ከፍቶ እስኪወጣ ድረስ ነዳጅ ስጪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። የፊት ጎማው ቢነሳ አትደንግጪ።
ቴምፔውን ግን በደንብ እሰሪው።

እኔ ባዶዋን ይዤ ስወጣ ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። የገፉኝ ጋሽ ሱጊቶ ናቸው። «ልጄ፣ ይቺ ከእንግዲህ ለጭነት አትሆንም» አሉኝ። የዳክዬ ሰው ስለ ሞተር ምን ያውቃል።

ወደ ነበረችበት መልሺያት እንዳትዪኝ። የተሞረደ ብረት እንደ ጥፍር አይበቅልም። ምሳ ሳይጣድ ካልደረስሽ የዳገቱ ደንበኞችሽ ከሌላ እንደሚገዙም አውቃለሁ። አሮጌ ሲሊንደር ልፈልግ ጋራዥ ሄጃለሁ።

ሳልጠይቅሽ የሠራሁት እምቢ እንደምትዪ ስለማውቅ ነው።

ለቁርስ ከቀቀልኩት ትልቁን እንቁላል ላንቺ ትቼዋለሁ።

ራትሪ

(ከሥር፣ በወኒንግ እጅ)
ሞተሯን ለእሽቅድምድም ልጆቹ ውሰጂላቸው። ከነገ ጀምሮ ቴምፔው ዳገቱን የሚወጣው በአንቺ ጀርባ ነው።